አውራ ዶሮ ያለበት የምርጫ ወረቀት

«ታትል ይጠጣል» ትላለች ሚስስ ስፕራግ። ሥራዋ ባርኔጣ መስፋት ነው። ሱቋ ከማተሚያ ቤታችን ጋር ግድግዳ ስለሚጋራ ወሬዋ በየቀኑ ይደርሰኛል። «ትናንት ለፈረስ ማሰሪያው ግንድ ባርኔጣውን አንስቶ ‹እንደምን ዋሉ› አለው። በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት።»

«ግንዱ ወሬ ስለማያመላልስ አክብረውት ይሆናል፣ እሜቴ» አልኳት።

ሚስተር ኦሪን ታትል የዌልተን ሳምንታዊ ጋዜጣ አዘጋጅና የከተማው ምክር ቤት አባል ነበሩ። በዚያ ዓመት ደግሞ ለከንቲባነት ተወዳደሩ። እኔ ኬዚያ ደግሞ የማተሚያ ፊደል እያነሳሁ የምደረድር ፊደል ለቃሚያቸው ነበርኩ። ትምህርት ቤት የቆየሁት ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ማንበብ የተማርኩት ከማተሚያው የእርሳስ ብረት ፊደል ነው፣ እሱም ተገልብጦ ከተቀረጸው። ይህን ማንም ሳይጠይቀኝ እናገራለሁ።

ርዕሰ አንቀጹን ክፍሉ ውስጥ እየተንጎራደዱ በቃል ይነግሩኛል፤ እኔ እየሰማሁ ፊደሉን ከሳጥኑ እለቅማለሁ። የማረሚያ ቅጂውን ስሰጣቸው ወደ መስኮቱ ያዞሩና ጥቂት ቆይተው «ጥሩ ነው፣ ይታተም» ይላሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት ነጥብ አልነኩብኝም። ከኔ በፊት የነበረውን ለቃሚ በቀይ ቀለም ያስለቅሱት እንደነበር ሰምቻለሁና ኩራቴ ጣሪያ ነካ። ቆይቶ የሳቸውን ዓረፍተ ነገር ራሱ ማሻሻል ጀመርኩ። እሱንም አሳለፉልኝ።

«ከንቲባ ከሆንኩ ወንበሩ ያንቺ ነው» አሉኝ አንድ ቀን። የአዘጋጁ ወንበር አንድ እግሩ በሽቦ የታሰረ ነው። እኔ ግን ዙፋን ይመስል በየጠዋቱ እወለውለው ጀመር።

በኛ አገር የምርጫ ወረቀት የሚያትመው የየወገኑ ጋዜጣ ነው፤ መራጩ ከሚደግፈው ወገን ተቀብሎ ሳጥን ውስጥ ይከታል። ማንበብ የማይችሉት ገበሬዎች እንዲለዩን ብዬ በወረቀታችን አናት ላይ ክንፉን የዘረጋ አውራ ዶሮ አስገባሁ። በዶሮዬ በጣም ተደሰትኩ። ሚስተር ታትልም ቅጂውን ወደ መስኮቱ አዞሩት።

«ጥሩ ነው፣ ይታተም።»

ሴት ድምፅ ስለማትሰጥ ቆጠራውን የተከታተልኩት ከአዳራሹ በር ላይ ቆሜ ነው። በሃያ ሁለት ድምፅ መራን። በሐሳቤ የአዘጋጁ ወንበር ላይ ተቀምጬ ለሚስስ ስፕራግ የምጽፍላትን መልስ ጀምሬ ነበር። ይህን ጊዜ ተቀናቃኛችን ጠበቃ ሉሚስ ተነስቶ ከኪሱ የራሳችንን ጋዜጣ አወጣ። የካቲት ላይ ያተምነውን አዲሱን የምርጫ ሕግ ነበር የያዘው። ወረቀቱ ነጭ ይሁን፣ ምንም ዓይነት መለያ ምልክት አይኑርበት፣ ይላል።

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው፣ ሚስተር ታትል?» አለ ዶሮዬን ከፍ አድርጎ። «ምልክት ነው ወይስ ምሳ?»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ዶሮ ያለበት ሁሉ ተጣለ፤ የኛ ደግሞ ሁሉም ዶሮ አለበት።

ያንን ሕግ ፊደል በፊደል የለቀምኩት እኔው ነኝ። አንድ ስህተት አታገኙበትም። ለቃሚ ግን የሚያየው ፊደሉን እንጂ ነገሩን አይደለም። ያን ዕለት ስለ ምን እንደሆነ ብትጠይቁኝ «ረጅም ነበር» እላችሁ ነበር።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጌታዬ» አልኳቸው።

«ያሳለፍኩት እኔ ነኝ፣ ኬዚያ።»

ይሉኝታ የለኝምና ቶሎ ተስማማሁ። አዋቂ ሰው አይቶ ያሳለፈው ስህተት ግማሹ የሱ ነው ብዬ ተጽናናሁ።

የከተማው ማስታወቂያ ሁሉ ወደ ሉሚስ ወገን ጋዜጣ ዞረ። በልግ ሳያልፍ የኛው ተዘጋ። ወንበሩን ሚስስ ስፕራግ ወሰደችው፤ ደንበኞቿ ባርኔጣ የሚለኩት እሱ ላይ ተቀምጠው ነው።

ሚስተር ታትል እህታቸው ዘንድ ሊሄዱ ሲነሱ እስከ ባቡር ጣቢያ ሸኘኋቸው። በሩ ላይ ለሻንጣ መግፊያው ጋሪ ባርኔጣቸውን አነሱ። ሚስስ ስፕራግ እውነቷን ይሆን እንዴ ብዬ ጠጋ አልኩና ትንፋሻቸውን አሸተትኩ። የሻይ ሽታ ብቻ ነው።

የመጨረሻውን እትም ሰጠኋቸው። የስንብቱን ጽሑፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ሙገሳዬን እየጠበቅኩ ቆምኩ። ወደ ብርሃኑ አዞሩት።

«ጌታዬ፣ ገልብጠው ነው የያዙት።»

«ተዪው፣ ለኔ ያው ነው» አሉ፤ ጋዜጣውንም መለሱልኝ። «ዓይኔ ፊደል መለየት ካቆመ እኮ ሦስት ዓመት አለፈው። ባቡሩ ሳይመጣ እስቲ አንብቢልኝ፤ ጥሩ ትጽፋለች ሲሉ እሰማለሁ።»