እጅ ጭን ላይ

ሬሜዲዮስ ካርፒዮ ማጨብጨብ ካቆመች አሥራ አንድ ወር ሆኗታል። ይህን ስላችሁ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። እሷ እኮ በስፔን ሔሬስ ከተማ ሳንቲያጎ ሠፈር ተወልዳ፣ አፍ ሳትፈታ ያጨበጨበች፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሔሬስን ልጆች በቤቷ ግቢ ውስጥ ፍላሜንኮ ጭፈራ ያስተማረች ሴት ናት። ባሏ ኩሮ ጊታሩን አቅፎ ጥግ ላይ ይቀመጣል፤ እሷ ንጣፉን በተረከዟ ትደበድበዋለች፤ ሠፈሩ በመስኮት ያያል። ባለፈው ነሐሴ የኩሮ ልብ ቀጥ አለ፤ አለቀ። ሬሜዲዮስ ጥቁር ለበሰች። ቴሌቪዥኑን በአንሶላ ሸፈነችው፣ ሬዲዮኑን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት፣ ጊታሩን ከነማኅደሩ አልጋ ሥር ከተተችው።

የእኛ የጊታኖዎች፣ ሌላው ጂፕሲ የሚለን ሰዎች፣ ሐዘን እንዲህ ነው። አይዘፈንም፣ አይጨፈርም፣ አይጨበጨብም። እስከ መቼ ብላችሁ ብትጠይቁ ግን የሚመልስላችሁ የለም። አንዱ ዓመት ይላል፣ አንዷ እስክሞት ትላለች። ማዶ ያለችው መበለት አልታግራሲያ ለዓመት ብላ የተወችው ዘፈን ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው፣ አሁን ብትፈልግም ድምፅ የላትም።

ሬሜዲዮስ የምትፈራው ይህንኑ ነበር። እግሯ ይበላታል። ድስት ስታማስል ጣቷ ክዳኑን ሊመታ ይልና በሌላኛው እጇ ትይዘዋለች። «ይሄ እግር ቢረሳውስ?» ትላለች ለራሷ። «ኩሮን አጣሁ፤ ይሄን ደግሞ ካጣሁ ምን ቀረኝ?»

ታዲያ ማን ከለከላት? ማንም። ፎቅ ላይ እማማ ቶማሳ አሉ፣ ያ ነው ነገሩ። የኩሮ እናት ናቸው፣ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው። ከጠዋት እስከ ማታ ሰገነቱ ላይ ወንበራቸውን አስጠግተው ግቢውን ቁልቁል ያያሉ። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ስለ ሐዘኑ አንዲት ቃል አልወጣቸውም። የምርኩዛቸውን ጫፍ ግን በጥቁር ጨርቅ ጠቅልለው ጥብቅ አድርገው አሰሩት፤ ሲሄዱ ኮሽታ የለም። ሬሜዲዮስ ያንን ጨርቅ ባየች ቁጥር እግሯን ትሰበስባለች። ምርኩዟን እንኳ ጥቁር ያለበሰች እናት ከላይ እያየቻት፣ እንዴት ብላ ተረከዟን ታነሣለች? እንዲህ ያለ ዓይን ያወጣ ነገር ከሷ አይጠበቅም። ይሉኝታ የሚሉት በሽታ መድኃኒት የለውም፤ እኛ ሠፈር ደግሞ ከውኃው ጋር ነው የምንጠጣው።

ሐምሌ እኛ ዘንድ እሳት ነው። በአንዱ የሐምሌ ጠዋት፣ ግቢው ገና በጥላ ሳለ፣ ስልኳ ጮኸ። ልጇ ቻሮ ናት። ከአባቷ ሞት ወዲህ ቤት ውስጥ አይሆንም ብላ በሠፈሩ ማኅበር አዳራሽ ጭፈራ ታስተምራለች።

«እማዬ፣ ጥርሴ ጉድ አፈላ። ጉንጬ ዳቦ አክሏል። ሐኪም ቤት ነኝ።»

«እሰይ! ትናንት አላልኩሽም? ስኳር ስትቆረጥሚ እኮ ነው የምትውዪው!»

«በኋላ ስደቢኝ። ከሰሜን፣ ከቡርጎስ፣ ለአንድ ቀን ትምህርት የመጡ እንግዶች አሉኝ፣ እናትና ሁለት ትንንሽ ልጆች። ነገ ይሄዳሉ። የአዳራሹ ቁልፍ እኔ ጋ ስለሆነ ወደ ቤት ልኬልሻለሁ።»

«ምን? ወደ የቱ ቤት?»

«እማዬ፣ እንድትጨፍሪ አላልኩም። በአፍሽ ብቻ ንገሪያቸው። በአፍ መናገር ሐዘን አይሰብርም።» ስልኩ ተዘጋ።

ሬሜዲዮስ ቀና ብላ ሰገነቱን አየች። እማማ ቶማሳ እዚያው ናቸው፤ ሰምተዋል አልሰሙም፣ ፊታቸው አይናገርም። በሩ ተንኳኳ።

እናትየዋ ኤልቪራ ትባላለች፤ ፀሐይ አፍንጫዋን አቅልቷታል፣ ገና ሳትገባ ይቅርታ ትጠይቃለች። ሴት ልጇ ቪዮሌታ አምስት ዓመቷ ነው፤ ትናንት ከገበያ የተገዛላትን ባለ ነጠብጣብ ቀይ ቀሚስ ለብሳለች፣ የዋጋው ወረቀት ገና ብብቷ ሥር ይወዛወዛል። ወንድሟ ብሩኖ ሰባት ዓመቱ ነው፤ የኳስ ማልያ ለብሶ፣ ወደ ጥርስ ነቃይ እንደሚወሰድ ልጅ ፊቱን አጨፍግጎ ቆሟል።

«ምንም አንችልም» አለች ኤልቪራ። «እኔ ራሴ በሠርጌ ቀን እንኳ የባሌን እግር ረግጬ ነው የጨረስኩት።»

«ከቡርጎስ ለመጣ ሰው እሱም ትልቅ ነገር ነው» አለች ሬሜዲዮስ። ሳታስበው አመለጣት። ድሮም ምላሷ እንዲህ ነበር።

አግዳሚው ላይ ደርድራ አስቀመጠቻቸው። እሷም ፊት ለፊታቸው ተቀመጠችና የሠላሳ ዓመት ልማዷ ስለሆነ እንዲህ አለች፦ «እዚህ ግቢ ሕጉ አንድ ነው። አስተማሪ የምታደርገውን እያያችሁ አድርጉ።»

ካለች በኋላ ነው ምንም ማድረግ እንደማትችል ትዝ ያላት። ምን ታድርግ? ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ ዓይኗን ወደ መሬት ጥላ፣ ቆጠራውን በቃል ጀመረች።

«የሔሬስ ቡሌሪያ፣ ይሄ ፈጣኑ ጭፈራችን፣ አሥራ ሁለት ምት አለው። ሲቆጠር ከአሥራ ሁለት ይጀመራል። አሥራ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…»

«ቁጥር የሚጀምረው ከአንድ ነው» አለ ብሩኖ።

«ማነው ያለው?»

«አስተማሪያችን።»

«አስተማሪህ ጨፍሮ ያውቃል?»

ብሩኖ አሰበ። «አያውቅም።»

«ታዲያ! ከአሥራ ሁለት ነው። አሥራ ሁለት ላይ ጠንከር፣ ሦስት ላይ ጠንከር፣ ስድስት፣ ስምንት፣ አሥር። በሉ አጨብጭቡ!»

ቆጠሩ። ድምፃቸው ደህና ነው፤ የሚያጨበጭብ ግን የለም። ቀና ብላ ብታይ፣ ሦስቱም እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለዋል። ኤልቪራ እንኳ፣ ያን ያህል ግዙፍ ሆና፣ ጉልበቷን ገጥማ እንደ መነኩሲት ተቀምጣለች።

«አጨብጭቡ እንጂ!»

«አንቺ እኮ አላጨበጨብሽም» አለች ቪዮሌታ።

«እርስዎ በይ!» አለች እናቷ በሹክሹክታ።

ሬሜዲዮስ በረጅሙ ተነፈሰች፤ ከደረቷ ሥር የሚወጣ የመበለት ትንፋሽ። ቪዮሌታም ልክ እንደዚያው አድርጋ ተነፈሰች። ብሩኖ ተከተለ። ኤልቪራም፣ ይህም የትምህርቱ ክፍል ነው ብላ፣ ትከሻዋን ከፍ ዝቅ አድርጋ እህህ አለች። ቪዮሌታማ ከንፈሯን ቁልቁል ጥላ፣ ቅንድቧን ሰብስባ፣ ቁርጥ ሬሜዲዮስን ሆነች። የሠላሳ ዓመት ተማሪዎች እንዲህ አድርገው ኮርጀዋት አያውቁም።

ሬሜዲዮስ ሳቀች። ልትይዘው ሞከረች፣ በአፍንጫዋ አመለጠ፣ ከዚያ በሆዷ፣ ከዚያ እንባዋ እስኪመጣ። አሥራ አንድ ወር ሙሉ ያልሳቀች ሴት ስትስቅ ድምፁ ለራሷም እንግዳ ነው። ወዲያው ክው አለች። አፏን በእጇ ይዛ ወደ ሰገነቱ ቀና አለች። እማማ ቶማሳ ከወንበራቸው ተነሥተው የሰገነቱን ብረት ይዘው ቆመዋል።

ብሩኖ ይህን ሁሉ አላየም። አስተማሪዋ ሳቀች፣ እንግዲያው ተጀመረ ማለት ነው ብሎ ማጨብጨብ ጀመረ። ቪዮሌታ ተቀበለችው፤ ኤልቪራ ጨመረች። ጉድ በሉ! አንዱ ሁለት ላይ፣ አንዷ አምስት ላይ፣ እናትየዋ ደግሞ በመሰላት ላይ። እኛ ሠፈር የሰከረ ይታለፋል፣ የዋሸ ይታለፋል፤ ምት የሚስት ሰው ግን ሠርግ አይጠራም። ሬሜዲዮስ ጥርሷን ነክሳ ቻለች። ጥፍሯ ጭኗ ውስጥ እስኪገባ ቻለች።

ከላይ አንድ ነገር ወደቀና ንጣፉ ላይ፣ እግሯ ሥር አረፈ። ጥቁር ጨርቅ ነው፤ ቋጠሮው ሳይፈታ በጥርስ ተጎትቶ የወጣ።

ከዚያ ምርኩዙ ተሰማ። ቋ! ቋ! ቋ! ባዶ እንጨት በሸክላ ንጣፍ ላይ፤ አሥራ ሁለት፣ ሦስት፣ ስድስት፣ ስምንት፣ አሥር። አንዲት ስንጥር አልሳተም።

«ማነው እታች ምቱን እንዲህ የሚያርደው?» አሉ እማማ ቶማሳ። ድምፃቸው የዛገ ነው፣ ግን ግቢውን ሞላው።

ሬሜዲዮስ ብድግ አለች። «እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ አሁኑኑ አስወጣቸዋለሁ…»

«ማንን ነው የምታስወጪው? አስተካክያቸው እንጂ! አንቺ እያለሽ በዚህ ግቢ እንዲህ ይጨበጨባል? ልጄ ሞተ እንጂ አልደነቆረም!»

«እኔ እኮ… ለእርስዎ ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አለች ሬሜዲዮስ።

«ለኔ ብለሽ?» አሮጊቷ ምርኩዛቸውን አቆሙት። «እኔስ ይሄን እንጨት ያለበስኩት ለማን መሰለሽ? ባሏ በሞተባት ሴት ራስ ላይ እንዴት አንኳኳለሁ ብዬ ነዋ! አንቺ ትጀምሪያለሽ ብዬ አሥራ አንድ ወር ከዚህ ሳልነሣ ጠበቅኩሽ። እኔ አንቺን ሳይ፣ አንቺ እኔን ስታዪ፣ ልጄን ሁለቴ ቀበርነው፤ አንዴ እሱን፣ አንዴ ጊታሩን።»

ሬሜዲዮስ ጎንበስ ብላ ጨርቁን ከንጣፉ አነሣች። ኤልቪራ ነገሩ ገብቷት ልጆቿን ወደ ራሷ ጠጋ አደረገች።

«ጎረቤትስ ምን ይላል፣ እማማ?» አለች ሬሜዲዮስ።

«ምት ሳቱ ከሚለን፣ ጨፈሩ ይበለን!»

«ጥቁሬስ?»

«ልበሺው፣ ማን አውልቂ አለሽ? የዳንስ ጫማሽም ጥቁር ነው። ሂጂ አምጪው።»

አመጣችው። ቆዳው ደርቆ ጣቷን ያዛት፤ ተረከዙ ላይ ያሉት ሚስማሮች ዝገው ነበር። መጀመሪያ እጇን አነሣች። ያ እጅ ራሱ አስፈራት፤ ቢረሳስ ብላ አይደል ስትባንን የከረመችው? አጨበጨበች። አልረሳም። ከላይ ምርኩዙ ተቀበላት፣ ከታች ልጆቹ ተቀበሏት፤ ብሩኖ አሁን ሦስት ላይ ሲደርስ ምላሱን አውጥቶ ያጠነክራል፣ አንዴም አልሳተ።

«እዩት እዩት ቡርጎሴውን!» አሉ እማማ ቶማሳ። «ኦሌ!»

ከዚያ ሬሜዲዮስ ኩሮ ይቀመጥበት ወደነበረው ጥግ ዞራ አራት እርምጃ ብቻ ጨፈረች። አራት፤ አልበለጠም። እንባዋ በአገጯ ይወርድ ነበር፣ እሷም አልጠረገችውም።

«ማልቀስም አለበት?» አለች ቪዮሌታ።

«አልፎ አልፎ» አለች ሬሜዲዮስ። «ምቱ ላይ ከሆነ ችግር የለውም።»

በማግስቱ ጠዋት ሊሰናበቱ መጡ። ቻሮ ጉንጯ በሻሽ ታስሮ፣ እናቷን ከላይ እስከ ታች እያየች፣ ለመናገር ስላልቻለች ብቻ ዝም ብላለች። እማማ ቶማሳ ወደ ታች ወርደው በሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ የምርኩዛቸው ጫፍ ራቁቱን ነው። ትናንት የወይን ጓዳ ሲጎበኝ የዋለው አባትየው ዛሬ ሻንጣ ተሸክሞ፣ መኪናውን መንገድ ላይ እንደነገሩ አቁሞ ይቸኩላል።

«በይ ቪዮሌታ፣ የተማርሽውን ቶሎ አሳዪንና እንሂድ» አለ።

ቪዮሌታ በቀይ ቀሚሷ ወደ ፊት ወጣችና ደጃፉ ላይ፣ ከእማማ ቶማሳ እግር ሥር፣ ተቀመጠች። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጠፈች። ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። በረጅሙ ተነፈሰች። ከዚያም ዝም።

አባትየው ሰዓቱን አየ። ከኋላ መኪና ጥሩምባ ነፋበት። «የኔ ቆንጆ፣ እንቸኩላለን እኮ። ጀምሪያ!»

ቪዮሌታ ቀና እንኳ አላለችም።

«ጀምሬያለሁ እኮ፣ አባዬ» አለች። «መጀመሪያው ይሄ ነው።»

እማማ ቶማሳ ምርኩዛቸውን ከመሬት አንሥተው ያዙ። ሬሜዲዮስ አጠገባቸው ቆማ፣ እጇን አዘጋጅታ፣ ልጅቷ እስክትነሣ ጠበቀች።