ቀይዋ ማኪናና የኢልሃም አክስት

ሸምሲያ ተንበርክካ ቀይዋን ትንሽ ማኪና በነጠላ ስትጠቀልል የኋላው ጎማ መዳፏ ላይ ተሽከረከረ። ያስነሳቻት መስሏት እጇን ሰበሰበች። ጎማው ግን ትንሽ ዞሮ በራሱ ቆመ። እንደ ተኛ ሕፃን ቀስ ብላ አነሳቻትና ከሌሎቹ አጠገብ፣ ለሙሽርነቷ በተገዛላት የእንጨት ሳጥን ውስጥ አስተኛቻት።

ከዐስር ሶላት በኋላ የኢልሃም አክስት ዐዚዛ ትመጣለች። የሸምሲያ ልጅ ኡዘይር ኢልሃምን ለማግባት ሽማግሌ ልኮ፣ አባቷ አብዱልመናን «ጠይቀን እንመልሳለን» ብለው ነበር። ጠይቃ የምትመልሰው ደግሞ እህታቸው ዐዚዛ ናት። ዛሬ ቤቱን ታያለች፤ ያየችውን ትናገራለች፤ ወንድሟም ቃሏን አይሽሩም።

ሸምሲያ ስለ ቤቷ አልሰጋችም። ስለ ልጇ ሥራም አልሰጋችም፤ ኡዘይር የሚበይደው በርና መስኮት በመላው አራዳ የታወቀ ነው። የምትሰጋው ማታ ማታ በሚሠራቸው ትንንሽ ማኪኖች ነው። ለቅሶ ቤት አጠገቧ የተቀመጠች ሴት፣ እንድትሰማት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ጢም አብቅሎ እቃቃ የሚጫወት ልጅም አለ» ብላ ነበር። ያች ቃል ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ነስታታለች።

እቃቃ አለመሆናቸውን ግን ራሷም ታውቃለች። ቀይዋ የተወለደችው ከአንድ ፎቶግራፍ ነው። የኡዘይር አያት ወጣት ሳሉ ፒያሳ ላይ፣ አንድ ጣሊያን ካቆማት ሁለት ሰው ብቻ ከምትይዝ የእሽቅድድም ማኪና አጠገብ ቆመው የተነሱት ነው። ኡዘይር የአያቱን ቁመት በቀረው ካፖርታቸው ገምቶ፣ ከቁመታቸው የማኪናዋን ልክ አወጣ፤ ከዚያም ሁሉንም ወደ አንድ አሥረኛ አሳነሰው። አካሏን ከዘይት ቆርቆሮ ቀጠቀጠ፤ ወንበሯን ካረጀ ቦርሳ ቆዳ ሰፋ። ሞተሯን ከተበላሸ ቴፕ፣ በሪሞት የሚያስኬዳትን ዕቃ ደግሞ በመተማ ድንበር በኩል ከሚገባ የልጆች መጫወቻ ፈታ። ሌሎቹንም ከመጽሔት ሥዕል እያየ እንዲሁ ሠራቸው።

የሳጥኑ ክዳን አልገጥም አለ። ከቀይዋ ኋላ የሚንጠለጠል ቀጭን ጥቁር ሽቦ ደጋግማ ብታጥፈው ደጋግሞ እየዘለለ ይወጣል። ሸምሲያ ከእናቷ የተማረችው አንድ ነገር ነበር፦ ቤት ልታይ የመጣች ሴት ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው በተንጠለጠለ ነገር ላይ ነው። ጠዋት ከመጋረጃው ጫፍ የወጣውን ክር በቆረጠችበት መቀስ ሽቦውንም ቆረጠችው። ክዳኑ ገጠመ።

ዐዚዛ በሰዓቷ መጣች።

«አሰላሙ ዐለይኩም! ምነው ሸምሲያ፣ መጋረጃው ሁሉ ታጥቧል? ለእኔ ነው ለዒድ?»

«ወዐለይኩም ሰላም። ለእርስዎ ነዋ፣ እትዬ ዐዚዛ! ይግቡ፣ ይግቡ።»

ዐዚዛ ጫማዋን አውልቃ ገባች። ጣሪያውን አየች፤ ምንጣፉን በእግሯ ጣት ዳሰሰች። ከዚያ ግድግዳው ላይ ባለው ረጅም ባዶ መደርደሪያ ፊት ቆመች።

«ይኼስ ጦሙን ነው የሚያድረው?»

«ዕቃ... አላስቀምጥበትም።»

«ከተማው የሚያወራላቸው ማኪኖችስ?»

«እነሱንማ ትቷቸዋል» አለች ሸምሲያ። ቃሉ ከጠበቀችው በላይ ቀልሎ ወጣ። «ልጅነት ነበር፤ አለፈ።»

ቀና ስትል ኡዘይር የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ በሩ ላይ ቆሟል። መደርደሪያውን አየ፤ እናቱን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ እንግዳዋን ሰላም አለ።

«ትተሃል አሉ» አለችው ዐዚዛ።

ሸምሲያ ዓይኗን ምንጣፉ ላይ ተከለች። አዎ ቢል ይዋሻል፤ አይ ቢል እናቱን በእንግዳ ፊት ውሸታም ያደርጋታል። 

«እናቴ ካለች እኔ ምን እጨምራለሁ?»

«ስንት ዓመት ሠራሃቸው?»

«ሰባት ዓመት ይሆነኛል።»

ዐዚዛ ራሷን ነቀነቀች፤ ቁጣ አልነበረባትም። «ሰባት ዓመት የደከምክበትን ሰው ስላወራ ጣልከው። ነገ በልጃችን ላይ ቢያወሩስ፣ ልጄ?» ቦርሳዋን አነሳችና ጫማዋን ፍለጋ ወደ በሩ ዞረች።

ሸምሲያ ስንት ቀን ስታስብበት የሰነበተችው ነገር ሁሉ ተገልብጦ፣ ልጇን ያዳነች እየመሰላት በሩን የዘጋችበት እሷው ሆነች።

«አልተወም!» ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «አልተወም፣ እትዬ ዐዚዛ። እኔ ነኝ የደበቅኋቸው። አፍሬ ነው።»

ሳጥኑን ጎትታ ከፈተችው። ኡዘይር ነጠላውን ገልጦ ቀይዋን አነሳ። እጁ ወዲያው ወደ ኋላዋ ሄደና እዚያው ቀረ።

«ሽቦዋስ?»

«ክር መስሎኝ...» አለችና ሸምሲያ አቋረጠች። «አይ፣ ክር አልመሰለኝም። ትርፍ መሰለኝ።»

የኡዘይር መንጋጋ ተወጠረ። ዐዚዛ አንድ እግሯን ጫማ ውስጥ አግብታ፣ ሌላውን ምንጣፉ ላይ እንደተወች ቆማለች። ማኪናዋን አላየችም፤ የምታየው የልጁን ፊት ነበር። ሸምሲያም የዚያን ጊዜ ገባት፤ ሴትዮዋ የመጣችው የልጇን ጠባይ እንጂ መጋረጃ ልታይ አልነበረም።

«ምነው እማ» አለ ኡዘይር በመጨረሻ፣ በረጅሙ ተንፍሶ። «ጆሮዋን እኮ ነው የቆረጥሽው። ያለሱ ሪሞቱን በምን ትስማ?» ከከንፈሩ ጥግ ሳቅ አመለጠው። «የት ጣልሽው?»

ከሽንኩርት ልጣጭ መሐል አውጥታ አመጣችለት። ልባሱን በጥርሱ ላጠውና «ያዢልኝ» ብሎ አንዱን ጫፍ ሰጣት። ሽቦው ከጣቷ አመለጠ። ደህና አድርጋ እስክትይዘው ጠብቆ ከተቆረጠው ጫፍ ጋር ገመደው።

ኡዘይር ሪሞቱን ከሳጥኑ አውጥቶ ሲጫነው ቀይዋ እንደ ንብ ድምፅ እያሰማች በወንበሮቹ እግር መሐል አለፈች። ምንጣፉን ዞራ የዐዚዛ ባዶ እግር ጫፍ ላይ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ሱብሐነላህ! ልትነክሰኝ ነው?» ዐዚዛ እግሯን አንስታ ሳቀች። ከዚያ ያጠለቀችውን ጫማ አውልቃ ተመልሳ ተቀመጠች። ሌሎቹንም አንድ በአንድ አስወጥታ አየች፤ ወንበሮቻቸውን በጣቷ ነካች፤ በሮቻቸውን ከፍታ ዘጋች። ስለ ኢልሃም አንድ ቃል አላነሳችም።

ስትነሳ ቀይዋን ብብቷ ሥር ያዘች። «ይቺን ለወንድሜ ላሳየው።»

ኡዘይር ሪሞቱን አንስቶ ተከተላት። «ይኼን ረስተውት...»

«ያለዚህ ትሄዳለች?»

«አትሄድም። ያለዚህ ቆርቆሮ ናት።»

«እንግዲያስ አንተ ጋ ይቀመጥ» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ባጃጅ ውስጥ ገባች።

እናትና ልጅ በራፉ ላይ ቀሩ። ባጃጁ ወደ ፒያሳ ቁልቁል ወረደ።

«ምን ማለቷ ነው?» አለች ሸምሲያ።

«እንጃ፣ እማ።»

ሸምሲያ የአብዱልመናንን ሳሎን በዓይነ ሕሊናዋ አየችው። ቀይዋ ጠረጴዛ ላይ ቆማለች፤ ሰዎች ዙሪያዋን ተቀምጠዋል። ወይ ስቀውባት ለልጆች ይሰጧታል፤ ወይ አንዱ «እስቲ የሚያስኬዳትን ጥሩት» ይላል። የትኛው እንደሆነ ከዐዚዛ ፊት ላይ ለማንበብ ሞክራ ነበር፤ አልቻለችም።

«ነጩን ሸሚዝህን ልተኩሰው?» አለችው።

ኡዘይር ሪሞቱን በሁለት እጁ እንደያዘ፣ ምንም ሳይነካ፣ የባጃጁን ድምፅ ያዳምጥ ነበር።