የስንዱ መልስ

ፋንቱ እናቷ የተሰደበችበትን ግጥም ባሕር ማዶ፣ ሞርስ ሮድ ላይ፣ በኳየር ተቀናብሮ እሰማለሁ ብላ አስባ አታውቅም።

ጣጣውን ያመጣው ጆሲ ነው፤ እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ ደብሊን ሰፈር ቢሮ ውሎ ማታ የወጣቶቹን ኳየር የሚመራ። ካሮጌ ዕቃ መሸጫ አንድ የቆየ የዘፈን ኖታ አገኘ። አንድ ፈረንጅ ዱሮ ወሎ ወርዶ፣ ሠርግ ቤት የሰማውን ጽፎ ያሳተመው ነው። ኳየሩ ዘፍኖት ቪዲዮውን ፖስት ቢያደርጉት ኖርዝላንድ ሰፈር ያለ ልጅ ሁሉ ያዘው። አውቶቡስ ላይ እሱ፣ ግሮሰሪ ውስጥ እሱ፦

ስንዱን ያገባ ሰው ፋሲካም ይጾማል፣
ምድጃዋ ቀዝቅዞ ድመት ያድርበታል።

ስንዱ የፋንቱ እናት ናት። ግጥሙን ለሠርጉ አዝማሪ የሰጠው ለጋብቻ ጠይቋት እምቢ ያለችው ሰው ነው። ግን ወጉ እዚያ አያበቃም። በግጥም የተነካ ሰው ተነሥቶ «ተቀበል!» ይላል፤ አዝማሪው መልሱንም ተቀብሎ በዚያው ዜማ ያወርደዋል። ስንዱም እዚያው ተነሥታ ልክ ልኩን ነግራው ነበር። ያ የተረገመ ፈረንጅ ግን ስድቡን ጽፎ መልሷን ተወው። የታተመው ዘፈን አገር ምድሩን አዳርሶ ተመልሶ መንደሯ ገባ፤ ምስኪኗ ስንዱ እስክትሞት ድረስ ገበያ በወጣች ቁጥር ልጆች «ሚያው!» ይሏት ነበር።

ፋንቱ ይህን ሁሉ ለጆሲ ነግራዋለች።

«ሶሪ እትዬ ፋንቱ፣ ግን ቪንቴጅ ነው፣ የዱሮ ቅርስ» አላት። «ኦሪጅናሉን ቼንጅ ማድረግ አንችልም።»

ደሟ ፈላ። ጥላው ሄደች።

ቅዳሜ የጎረቤቷ ልጅ ሄለን ስትዳር ኳየሩ መጣ። ወረቀታቸውን ዘርግተው ያንኑ ዘፈን ጀመሩ። ድመቷ ጋ ሲደርሱ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ፋንቱ ወንበሯን ገፍትራ ተነሣች።

«ተቀበል!»

ጆሲ ደንግጦ ወረቀቱን አገላበጠ።

«እሱ ላይ የለም! የእናቴን መልስ ከአፌ ተቀበል!

ደጄ ሲመላለስ ጫማውን ጨረሰ፣
እምቢ አልኩት እንጂ ወጤን መች ቀመሰ!»

ከኋላ ጠረጴዛ አንድ ሽማግሌ፣ ጋሽ ጸጋዬ፣ «እሰይ! የእናቷ ልጅ!» ብለው ማጨብጨብ ጀመሩ። ጆሲ ፊቱ ቲማቲም መስሎ፣ እየተንተባተበም ቢሆን ተቀበለ። ኳየሩ ተከተለው፤ አዳራሹም ተከተለ።

«ድገመው!» አለችው። ደገመው።

«ድገመው!»

ሙሽራዋ ሄለን ቬሏን ሰብስባ መጥታ ክንዷን ያዘቻት። «እትዬ ፋንቱ፣ በቃ፤ ኦኬ ነው፤ ሁሉም ሰምቷል።»

«እናቴን ዕድሜ ልኳን ሲሰድቧት ማን በቃ አለላት?»

ሄለን ክንዷን ለቀቀቻት። ፋንቱ ወደ ጆሲ ዞረች።

«ድገመው!»