ከቁሐር የመጣው ጣሪያ

የመኪና መንገድ ወረታን ሰንጥቆ ካለፈ ወዲህ፣ በፊት ፍየል የማይተኛበት ረግረግ ሁሉ ዋጋ አወጣ። ጨው ቸርቻሪው አንለይ የሚያድረው ከእትዬ ታይቱ ጓዳ ተከራይቶ፣ ከፍየሎቻቸው ጋር ነው፤ ልዩነቱ ፍየሎቹ ኪራይ አይከፍሉም። ገላነሽን አጭቷል። አባቷ አቶ ደጉ ግን ልጄን ከሰው ጓዳ አላስገባም፣ የራስህን ቤት ሳላይ ሠርግ የለም ብለው ቁርጡን ነግረውታል።

በስንት ልመና የሻው የሚባል ባለመሬት ከገበያው ዳር ያለችውን ቁራሽ ቦታ በአንዲት ጊደር ሊለቅለት ቃል ገባ። አንለይ ደስ ብሎት ግድግዳውን አቆመ፣ ጭቃውን መረገ። የክዳን ሣር መግዣ ስላልነበረው፣ ቁሐር ሚካኤል መንደር ያለውን የሟች አባቱን ጎጆ ጣሪያ እንዳለ ለማምጣት ደቦ ጠራ።

የቁሐር ጎረምሳ ጣሪያውን ከነጉልላቱ አንስቶ ተሸከመው። ከሩቅ ላየው ሰው ጎጆ እግር አውጥቶ ሜዳውን የሚያቋርጥ ይመስላል። አንለይ ከፊት ጊደሯን እየሳበ፣ አቶ ደጉ ከኋላ ሣሩ እንዳይረግፍ እየተቆጡ ወረታ ደረሱ።

የሻው አዲስ ካፖርቱን ለብሶ አንለይ ባቆመው ግድግዳ በር ላይ ጠበቃቸው። ጊደሯን ዞሮ ዞሮ አያትና፣ ከነእናቷ ካልመጣች ጣሪያው ግድግዳው ላይ አያርፍም፣ መሬቴንም እንዳይነካ አለ። እናቲቱ የአንለይ እናት ያለቻቸው አንዲት ላም ናት። አንለይ ግድግዳውን ነቅሎ አይሄድ ነገር። የሻውም የጠበቀው ይህንኑ ነበር፣ ይሉኝታ ቢስ።

ተሸካሚዎቹ ጣሪያውን እንደያዙ እያጉረመረሙ ሳለ የግንቦት ዝናብ ከነበረዶው ወረደ። አንለይና አቶ ደጉ ጊደሯን ይዘው ጣሪያው ሥር ገቡ። የሻው ክዳን በሌለው ግድግዳ መሀል ትንሽ ኮራ ብሎ ቆመ፤ ካፖርቱ ሲርስ ግን አልቻለም። ሮጦ መጥቶ አንገቱን ደፍቶ ጣሪያው ሥር ሲገባ፣ አዲስ ቤት በገባ ቁጥር የሚለው ከአፉ አመለጠ።

«ቤት ለእንቦሳ!»

«እንቦሳ እሰሩ!» አለ ተሸካሚው ሁሉ ባንድ አፍ።

የሻው ምን እንዳለ የገባው ዘግይቶ ነው። አንለይ ሳቁን ከጊደሯ ጀርባ ደበቀ።

አቶ ደጉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ የሻው፣ ቤቱን መርቀሃል፤ ይህ ሁሉ ሰውም ሰምቷል። የመረቁትን ቤት ደጅ ማሳደር ነውር ነው።»

ተሸካሚዎቹ መልሱን አልጠበቁም። ጣሪያው ወደ ግድግዳው መራመድ ጀመረ፤ የሻውም ለካፖርቱ አዝኖ ከሥሩ አብሮ ተራመደ። ጣሪያው ቦታውን ሲይዝ፣ ጊደሯ ትበቃኛለች ብሎ አጉተመተመ።

አቶ ደጉ ግድግዳውን በዱላቸው መታ መታ አደረጉና፣ «ገላነሽ ትግባ» አሉ።

አንለይ ፊቱን በእጁ ጠረገ። ዝናቡ ነው እንዳይል፣ ጣሪያው አያፈስም።