ሌዊስቪል ገቡ ይባላል

ዜማን እንግሊዝኛ ያስተማራት ሰው የለም። ቀን ሪቻርድሰን ከተማ ባለ ፋብሪካ የስልክ ዕቃ ስትገጣጥም ትውላለች፤ ከሥራ መልስ ከቤተ መጻሕፍት በተዋሰችው መጽሐፍ ብቻዋን ታግላ ነው ቋንቋውን የያዘችው። ስለዚህ ማንንም አታመሰግንም፣ ማንንም አትምርም። ቅዳሜ ቅዳሜ ቴክሳስ ውስጥ ቪከሪ ሜዶ ሰፈር ባለው አፓርትመንታቸው ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሴቶቹን ሰብስባ ታስተምራለች። ያን ቅዳሜ ትምህርቱ ስለ ወሬ ነበር።

"ፈረንጅ ሲያማ እንደናንተ 'እገሊት ነገረችኝ' ብሎ አይዋረድም" አለች፣ ማሽኑ ላይ ተቀምጣ እግሯን እያወዛወዘች። "ሐሜቱን ካፖርት አልብሶ ነው የሚያወጣው። ኢት ኢዝ ሴድ። ይባላል። ማን አለ? ማንም። በቃ ተብሏል።"

"ታዲያ ጠብ ሲመጣ ማን ሊጠየቅ ነው?" አለች ብርቅነሽ፣ የልጆቿን ካልሲ እያጣመደች።

"ማንም! ለዚያ አይደል የተፈጠረው? ሶ፣ ምሳሌ ስሚ። አቶ ይርጉ ኢዝ ሴድ ቱ ሃቭ ሙቭድ ቱ ሌዊስቪል። አቶ ይርጉ ሌዊስቪል ገቡ ይባላል።"

ሴቶቹ ሳቁ። አባባ ይርጉ ምድር ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ከቤት የማይወጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ሴቶቹ በተራ ምሳ ያደርሱላቸዋል። የወንድማቸው ልጅ መኳንንት "ሌዊስቪል እኔ ጋ ይምጡ" እያለ ሲለምናቸው ኖሯል፤ እሳቸው ግን ወይ ፍንክች። ሳቁ ሳያልቅ ስርጉት ቅርጫቷን አቅፋ ገባች።

"ምን? አባባ ሙቭ አደረጉ?"

ዜማ ለሌሎቹ ጠቀሰችና "ይባላል!" አለች። እንደገና ተሳቀ። ማድረቂያው ጮኸ፤ ሁሉም ወደየልብሱ ተመለሰ።

የዜማ ተራ ረቡዕ ነበር። ሽሮዋን በሳህን ከድና ስትወርድ ብርቅነሽ ደረጃው ላይ አገኘቻት።

"ለማን ነው? አባባ እኮ እውነትም ሄዱ። መኳንንት በዚያ በትልቁ ትራኩ ዕቃቸውን ጭኖ ወሰዳቸው አሉ። አልጋቸውን እንኳ አላስቀሩም።"

ዜማ የራሷን ጨዋታ አላወቀችውም። ከአፏ ራቁቱን የወጣ ወሬ ትራክና አልጋ ጨምሮ ሲመለስ እንደ እንግዳ ተቀበለችው። "ሳይሰናበቱኝ!" ብላ አኮረፈችና ሽሮውን ራሷ በላችው።

ባዶው ቤት ይሰማ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። መጀመሪያ ውኃ። ከላይ የምትኖረው ስርጉት ቧንቧ ሲከፈትና ሲዘጋ ሰማች። ቀጥሎ ግድግዳው ተመታ፤ ቀስ ብሎ፣ ቆም ብሎ፣ ደግሞ ቀስ ብሎ። ልጆች በዚያ በር ሲያልፉ ትንፋሻቸውን ውጠው ይሮጡ ጀመር። ድሮ ሰው ሞቶበታል ተባለ። አባባም የሸሹት እሱን ነው ተባለ።

አርብ ከሰዓት ብርቅነሽ ጸበል አምጥታ በሩ ላይ ረጨች። ከውስጥ አንዳች ነገር አቃሰተ።

"አያችሁ፣ አቃጠለው!"

ጎረቤታቸው ጴንጤው ጸጋ "ይሄ በውኃ አይደለም፣ በስሙ ነው" አለና መዳፉን በሩ ላይ ጭኖ፣ ላብ እስኪያጠምቀው ድረስ "ውጣ! በኢየሱስ ስም ውጣ!" እያለ ጮኸ። ዝም ሲል፣ እንደ ደረቅ ቅጠል የተንኮሻኮሸ ድምፅ ከታች፣ ከወለሉ በኩል መለሰለት።

"በምን እግሬ ልውጣ?"

ጸጋ ደረጃውን እንዴት እንደወጣው አያውቅም።

ዜማ ከሥራ ስትገባ ይህን ነገሯት። እየሳቀች ጀምራ መሀል ላይ ሳቋ ቆመ።

"ጋኔኑ እግሩን ያመዋል? አማርኛስ የት ተማረ?"

"ጋኔን ምን የማያውቀው አለ?" አለች ብርቅነሽ።

"አባባ ሲወጡ ማን አያቸው?"

"ተብሏል እኮ!"

"ማን አለ ነው የምልሽ?"

ብርቅነሽ ከሕዝቅያስ ነው የሰማሁት አለች። ዜማ ስትሄድ የስርጉት ባል ሕዝቅያስ ፓርኪንጉ ላይ ታክሲውን ያጥባል፤ ስርጉት ባልዲ ይዛለታለች።

"ትራኩንማ እኔ ነኝ የጨመርኩት" አለ ሳያፍር። "ሰውዬው ትራክ ነጂ አይደል? በምን ሊወስዳቸው ነው፣ በብስክሌት?"

"መሄዳቸውንስ?"

በጨርቁ ወደ ሚስቱ ጠቆመ። ስርጉት ደነገጠች።

"ከአንቺ ነዋ፣ ዜማ። ማሽኑ ላይ ተቀምጠሽ። እውነት ነው ወይ ብዬ ጠይቄሽ የለ?"

ያ ሁሉ የቴክሳስ ፀሐይ አናቷ ላይ እያለ ዜማን ብርድ ብርድ አላት። መኳንንት ኮል ቢደረግለት አላነሣም፤ ትራኩን ይዞ መንገድ ላይ ነው። ቁልፍ ያላት የአፓርትመንቱ ማናጀር ብቻ ናት።

ማናጀሯ ከወንበሯ አልተነሣችም። "ተከራዩ ለቀዋል ተብሏል። ሰኞ ቤቱን እናጸዳለን" አለች።

"ማን አለ?"

ሴትዮዋ ትከሻዋን ሰበቀች። "ኢት ዋዝ ሪፖርትድ። ሪፖርት ተደርጓል።"

ያ ያማረ አነጋገር ከቋንቋው ባለቤት አፍ ሲወጣ ለዜማ እንደ ጉድጓድ ጥልቅ ሆነባት፤ ብትጮኽበት የሚመልስ የለም። ከኋላዋ ሴቶቹ ተከትለዋት በሩ ላይ ቆመዋል። አስተማሪያቸው ናት። በሕይወቷ ከተናገረችው እንግሊዝኛ ሁሉ አጭሩን ተናገረች።

"አይ ሴድ ኢት። እኔ ነኝ ያልኩት። ፈጥሬ ነው። ሰውዬው ውስጥ ናቸው።"

በሩ ሲከፈት አልጋው አለ፣ ወንበሩ አለ፣ ካፖርቱ ተሰቅሏል። አባባ ይርጉ መታጠቢያ ቤቱ ደፍ ላይ ወድቀዋል፤ አንድ እግራቸው አብጦ ከሥራቸው ታጥፏል። ግድግዳውን የሚመቱበት ጫማ አሁንም እጃቸው ላይ ነው። ማናጀሯ አምቡላንስ ልትጠራ ሮጠች።

"አባባ!"

ሽማግሌው ዓይናቸውን ገለጡ። "ዜማ ነሽ? ሄደዋል ሲሉ ሰማሁ። ስጣራ ይሸሹኛል። ኋላ ደግሞ ውጣ አሉኝ። ሰው ሁሉ የለም ሲል፣ እኔ ብቻዬን አለሁ ብል ማን ያምነኛል? ሞቼ፣ ሳይነግሩኝ ቀብረውኝ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።"

"እኔ አየሁዎት፣ አባባ። በዓይኔ።"

"ሌላስ ማን አየኝ?"

ዜማ ዞረች። ሴቶቹ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ስበው ከውጭው በር ደፍ ወዲያ ቆመዋል፤ አንዷም ወደ ውስጥ አታይም። ተነሥታ ብርቅነሽን በክንዷ ጎትታ አስገባችና እጇን በግድ ሽማግሌው ግንባር ላይ አሳረፈችው።

"ይሞቃሉ አይደል? በይ 'አየሁዎት' ብለሽ ንገሪያቸው። በራስሽ አፍ።"

ብርቅነሽ ዓይኗን እንደጨፈነች ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ጸሎት ይሁን መልስ አይለይም። ሽማግሌው ከንፈሯን እያዩ ጠበቁ።