አዎ፣ እንዳልኩህ አድርግ

ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። ሂልዲንግ ማብሪያውን ደግሞ ተጫነው፤ ላፕቶፑ ጥቂት ነጫጭ መስመሮች አሳይቶ እንደገና ድርቅ አለ።

«ና እንጂ! ምን ነካህ አንተ?» አለው ማሽኑን።

ከኋላው ታላቅ ወንድሙ ራግንቫልድ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ክራቫቱን አስሮ፣ ዊልቸሩ ላይ ተቀምጧል። በሽታው እጁንም ምላሱንም ከወሰደበት ቆይቷል፤ የቀሩለት ዓይኖቹ ናቸው። ካሜራ ዓይኑን እየተከተለለት ስክሪኑ ላይ ያሉትን ፊደላት በዓይኑ እየመረጠ ይጽፋል፣ ላፕቶፑ ደግሞ ይናገርለታል። ዛሬ አንድ ልጁ ሶልቬይ ታገባለች። እራት ላይ የሙሽራዋ አባት መናገር አለበት፤ ራግንቫልድም ከገና ጀምሮ ንግግሩን ሲጽፍ፣ ሲያጠፋ፣ ሲጽፍ ከርሟል። አሁን የሚናገርለት የለም።

ሂልዲንግ ዕድሜውን የማዘጋጃ ቤቱን ሰርቨሮች ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። ላፕቶፑ ላይ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም የጫነውም እሱ ነው። ለጀማሪ ሁሉ የሚሰብከው አንድ ነገር ነበር፦ ፓኬጆቻችሁን፣ ማለትም የምትጭኗቸውን ፕሮግራሞች፣ ከአንድ የኢንተርኔት ማከማቻ ብቻ ውሰዱ፤ እዚያ ያለው ሁሉ አብሮ እንዲሠራ ተፈትኖ የተቀመጠ ነው። ከሌላ ቦታ አንዱን ብታመጡ ጓዙን ተሸክሞ ይመጣና የነበረውን ያፈናቅላል። ይኸው ሰባኪ ዛሬ ጠዋት በገዛ እጁ ምን ሠራ!

የንግግሩ ፕሮግራም ድምፅ ለሂልዲንግ አይጥመውም ነበር። የባቡር ጣቢያ ማስታወቂያ ይመስለዋል። አዲሱ ስሪት ለስላሳ፣ የሰው ለዛ ያለው ድምፅ አለው ሲባል ሰማ፤ የሚገኘው ግን ገና በሙከራ ላይ ካለው ማከማቻ ብቻ ነው። «አንዲት ፓኬጅ ብትሆን ነው» አለና ከዚያ አመጣት። አንዲቷ ፓኬጅ የሲስተሙ መሠረት ራሱ ካልተቀየረልኝ አለች። ማሽኑ የሚነቅለውን ሁሉ፣ የዓይን ካሜራውን ፕሮግራም ሳይቀር፣ ዘርዝሮ አስጠነቀቀው። ከልብህ ከሆነ ይህን ዓረፍተ ነገር ራስህ ጻፍ አለው፦ «አዎ፣ እንዳልኩህ አድርግ!» ሂልዲንግ ዝርዝሩን በወጉ እንኳ ሳያነብ ጻፈው። ማሽኑም እንዳለው አደረገ።

በሩ ተከፈተና ሶልቬይ የቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ ገባች።

«አጎቴ፣ መኪናው መጥቷል። ምነው? ፊትህ አመድ መስሏል።»

«ተበላሸ።»

«ምኑ?»

«የአባትሽ ድምፅ። እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ላሳምርለት ብዬ…»

«ዛሬ? ሌላ ቀን ጠፍቶ በሠርጌ ቀን?»

«ይጠገናል። ግን ከስር ጀምሮ እንደ አዲስ መጫን አለበት፤ ካሜራውም ዓይኑን እንደገና መልመድ አለበት። ለዛሬ አይደርስም።»

ሶልቬይ አልጋው ጠርዝ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። «ደግሞ ማን አስቀያሚ ነው አለህ? አባዬ ይወደው ነበርኮ! ‹ቀጣዩ ባቡር ወደ ወጥ ቤት› እያለ ስንቴ አንጀታችንን በሳቅ አቁስሎታል!»

ሂልዲንግ ይህን አያውቅም ነበር። ሊያውቅም አልሞከረም።

ራግንቫልድ ትክ ብሎ ወደ መደርደሪያው ያያል። እዚያ ፊደላት የተጻፉበት፣ ወዲያ ማዶ የሚያሳይ መስታወት መሰል ሰሌዳ አለ፤ ላፕቶፑ ከመምጣቱ በፊት የሚነጋገሩት በዚያ ነበር፣ አያያዙን ከሂልዲንግ ሌላ የሚችልበትም የለም። ሂልዲንግ አንሥቶ በሁለቱ ፊት መካከል ያዘው፤ የወንድሙን ዓይን ተከትሎ አነበበ።

«አ… ል… አልተናደድኩም? አልተናደድኩም ነው የምትለኝ?»

ራግንቫልድ ዓይኑን ጨፈነ። አይ ማለት ነው። ድሮም የሚያስመርረው ይህ ነበር፤ ሂልዲንግ ቃሉ ሳያልቅ ነጥቆ ይጨርስበታል።

«እሺ፣ እሺ፣ ቀጥል። አ… ል… ጠ… የ… ቅ… ከ… ኝ… ም።»

ሂልዲንግ ሰሌዳውን ዝቅ አደረገ። እውነት ነው፣ አልጠየቀውም። በዚህ ሁሉ ዘመን ስለ ወንድሙ ብዙ ነገር ወስኗል፤ ጠይቆት ግን አያውቅም።

«ይቅር በለኝ» አለው። «ንግግሩ ዲስኩ ውስጥ አለ። አውጥቼ እኔ ላንብብልህ?»

ራግንቫልድ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ሰሌዳውን አየ።

እራት ላይ የዝግጅቱ መሪ ብርጭቆውን በማንኪያ መታ መታ አደረገና «የሙሽራዋ አባት!» አለ። ሂልዲንግ ሰሌዳውን ይዞ ዊልቸሩ ፊት በርከክ አለ። አስተናጋጆቹ የሾርባውን ሳህን እንደያዙ ግድግዳውን ተጠግተው ቆሙ።

«ሶ» አለ ሂልዲንግ ጮክ ብሎ።

ከዚያ «ል»።

አሁን ቃሉን የማያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። ሶልቬይ አፏን በእጇ ይዛለች። ከአንዱ ጠረጴዛ አንድ ሽማግሌ «ሶልቬይ ነው፣ እለፈው!» አሉ በሹክሹክታ። የሂልዲንግም ምላስ ቃሉን ይዞ ጫፍ ላይ ደርሷል፤ ልማዱ ነው።

ዋጠው። ሰሌዳውን ከፍ አድርጎ ያዘና የወንድሙ ዓይን የሚቀጥለው ፊደል ላይ እስኪያርፍ ጠበቀ።