የአቶ ጉደታ ካራቫን መስኮቶች

አቶ ጉደታ ከልጃቸው ከዱረቲ ጋር የተዋዋሉት እንዲህ ነው። የክረምቱ የመጀመሪያ ከባድ ዝናብ ሲጥል በካራቫኑ መስኮት አንዲት ጠብታ ከገባች፣ ጓዛቸውን ጠቅልለው ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር፣ እሷ ቤት ይገባሉ። ካልገባች ግን ነገሩ ሁለተኛ አይነሳም። ግትር አባት ከግትር ልጁ ጋር ሲዋዋል ከዚህ የተሻለ አይጠበቅም።

ካራቫኑ ሲሬ ከተማ ዳር፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ቆሟል። ጎማዎቹ ተንፍሰው ግማሽ ድረስ አፈር ውስጥ ገብተዋል። ድሮ የመንገድ ሥራ ድርጅት ንብረት ነበር። አቶ ጉደታ ግሬደር ሲነዱ፣ ባለቤታቸው አዳነች ለሠራተኛው ስታበስል፣ የኖሩት እሱ ውስጥ ነው። ዱረቲም የአኖ መንገድ ሲጠረግ እዚያው ውስጥ ተወለደች። ሥራው ሲያልቅ ድርጅቱ አሮጌውን ካራቫን ትቶላቸው ሄደ። አዳነች ከሞተች ወዲህ ደግሞ አቶ ጉደታ «ከእሱ ጨርሶ አልወጣም» አሉ።

ችግሩ መስኮቶቹ ናቸው። የአሉሚኒየም ፍሬሞቹ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅባቸው ኖረው ነጭ ዱቄት አውጥተዋል፤ መስታወቱን የሚይዘው ላስቲክም እንደ ቋንጣ ደርቋል። አቶ ጉደታ ብሎኖቹን ፈተው ፍሬሞቹን ጆንያ ላይ ደረደሩና በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ያዙ። ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። እሳቸው ደግሞ ትዕግሥት የሚያንሳቸው በልጃቸው እንጂ በአሉሚኒየም አይደለም።

ቅዳሜ ጠዋት ዱረቲ ከነቀምቴ መጣች።

«አካም ቡልታን፣ አባኮ? ደህና አደሩ? ልርዳዎት?»

«ለመርዳት ነው የመጣሽው ወይስ ለማሸነፍ?»

«ለሁለቱም» አለች ሳቅ ብላ።

አቶ ጉደታ ሲሊኮንና አዲስ ላስቲክ ሊገዙ ወጡ። ሲመለሱ ፍሬሞቹ ሁሉ ጠቁረዋል። ዱረቲ እጇ እስከ ክርኗ አመድ ለብሷል። እናቷ የአሉሚኒየም ድስት የምትፈትግበትን ዓይነት አመድ ከምድጃው ዝቃ፣ በውሃ ለውሳ፣ ፍሬሞቹን ቀብታ፣ ዝገቱ ይልቀቅ ብላ ፀሐይ ላይ ትታቸዋለች።

«ሆን ብለሽ ነው» አሉ አቶ ጉደታ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ የባሰውም እሱ ነው።

«እማዬ እኮ ድስቱን ሁሉ በአመድ ነበር የምታበራው።» የዱረቲ ዓይን እንባ አቀረረ። «እሷ የምታደርገውን ነው ያደረግሁት።»

አቶ ጉደታ አኩርፈው በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። አኩርፈው ቢቀመጡም የአዳነች ስም አንዴ ተነስቷልና ከፊታቸው አልጠፋ አለች። ድስቱን በጉልበቶቿ መሃል ይዛ ስትፈትግ ታየቻቸው። አመዱን ፈተግ አድርጋ ቶሎ ታጥበው ነበር እንጂ አቆይታው አታውቅም። የጠቆረባት እንደሆነ ደግሞ…

«ሎሚ» አሉ።

«የምን ሎሚ?»

«አመዱን አይተሽ ሎሚውን ሳታዪ ቀርተሻል። የጠቆረ ድስት በሎሚ ነበር የምትመልሰው።»

ዱረቲ ሮጥ ብላ ከገበያ ሎሚ አመጣች። እየሰነጠቁ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው ፈተጉ። ጥቁሩ ቀስ በቀስ ለቀቀ፤ ነጩም ዱቄት አብሮት ሄደ። ከሥር የወጣው አሉሚኒየም አቶ ጉደታ በጎልማሳነታቸው የሚያውቁት ነው።

«በዚህኛው መስኮት ሥር ነበር እማዬ ፀጉሬን የምትሠራኝ» አለች ዱረቲ።

«እዚህ ብርሃን ይበዛል ትል ነበር።»

ከዚያ በኋላ ኩርፊያው አልተመለሰም። ላስቲኩን አለበሱ፤ ሲሊኮኑን ዙሪያውን ቀቡ፤ ብሎኑን አጠበቁ።

ዝናቡ በሳምንቱ፣ እሑድ ከሰዓት፣ ቆርቆሮውን እየደበደበ መጣ። አባትና ልጅ ውስጥ ሆነው ጠበቁ። ዱረቲ ጣቷን በየፍሬሙ ሥር አሳለፈች። ሁሉም ደረቅ ነው።

«አሸነፉኝ» አለች። ፈገግ ልትል ሞክራ አልሆነላትም። «እውነቱን ልንገርዎት፣ እንዲያፈስ ስጸልይ ነበር። ያንን ቤት የሠራሁት አብረን እንድንኖርበት ነው። አሁን ከሥራ ስገባ የማወራው ከቴሌቪዥኑ ጋር ነው።»

አቶ ጉደታ እስከዚያች ቀን ድረስ ልጃቸው የምትለምናቸው ሽማግሌ ናቸው ብላ አዝናላቸው ይመስላቸው ነበር። እሷም ብቻዋን መሆኗ አንድ ቀን እንኳ ትዝ አላላቸውም፤ በዚህም አፈሩ።

ዝናቡ ሲያባራ አቶ ጉደታ ወጥተው ካራቫኑን ዞሩት። አፈር የያዘውን ጎማ በእግራቸው ጠለዝ አደረጉት።

«የግቢሽ በር ይህን ያስገባል?»

«ምኑን?»

«ካራቫኑን ነዋ። ተጎታች እኮ ነው። እኔ ከሱ አልወጣም አልኩ እንጂ፣ እሱ ከሲሬ አይወጣም መቼ አልኩ?»

ዱረቲ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከዚያ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠርጋ ቀና አለች።

«ካላስገባው አጥሩን አፈርሰዋለሁ» አለች።